ቤንዚን፣ የመኪና ቀለምና ዲኤንኤ፦ ለአንድ የጋራዥ ሠራተኛ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «36 ዓመቴ ነው። ከ21 ዓመቴ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ነው የምሠራው። መጀመሪያ መካኒክ ነበርኩ፣ አሁን ቀለም ቀቢ ነኝ። እጄን የምታጠበው በቤንዚን ነው። ቀለም ስረጭ ጨርቅ ወይም የሐኪም ማስክ አደርጋለሁ፣ ማታ ወተት እጠጣለሁ። በቀን አምስት ስድስት ሲጋራ አጨሳለሁ። ፀጉሬ ሸብቷል፣ የሚያየኝ ሁሉ 50 ያለፈኝ ይመስለዋል። አንድ የማውቀው ሰው ‹ኬሚካሉ ዲኤንኤህን አበላሽቶታል፣ ካንሰር አይቀርልህም፣ ለልጆችህም ይተላለፋል› አለኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሦስተኛ እያሰብን ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ የዲኤንኤ ዕድሜ የሚለካ መመርመሪያ ልላክልህ ትላለች። ልመርመር? ሥራውንስ ልተወው?»

ምላሽ፦ እንዲህ ያለዎት ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ቀላቅሎ ነው የነገረዎት፦ ጉዳትን፣ ሚውቴሽንንና ካንሰርን። ልዩነታቸው ካልታወቀ ወይ ያለ በቂ ምክንያት ይሸበራሉ፣ ወይ ደግሞ «አንዴ ከተበላሸ ወዲያ ምን አደርገዋለሁ» ብለው በቤንዚን መታጠቡን ይቀጥላሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

የማንኛውም ሰው ዲኤንኤ በየቀኑ ይጎዳል። ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው እንኳ በአንድ ሴሉ ውስጥ ብቻ በቀን ከ10,000 በላይ ጉዳት እንደሚደርስ ይገመታል። ከፊሉ የሚመጣው ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ሲለውጥ ከሚፈጠሩ ተረፈ ምርቶች ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሰዓታት ውስጥ ይጠገናል። የብራና መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ያስቡ። ቀለም ጠብ ሲልበት፣ ብራናው ገና በእጁ ሳለ በምላጭ ፍቆ ያስተካክለዋል። ጠብታው ሳይታይ ቀርቶ ሌላ ጸሐፊ ከዚያው መጽሐፍ ከገለበጠ ግን ግድፈቱ በአዲሱ ቅጂ ውስጥ ልክ እንደ ትክክለኛ ንባብ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ የሚፍቀው የለም። ጠብታው ጉዳት ነው፣ የተገለበጠው ግድፈት ደግሞ ሚውቴሽን ነው። ካንሰር የሚመጣው ሴል ውስጥ ካሉት 6 ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት መካከል መባዛትን በሚቆጣጠሩት ጥቂት ቦታዎች ላይ፣ በአንድ ሴል ዘር ውስጥ፣ ግድፈት በግድፈት ላይ ሲደረብ ነው። ለዚህም ነው አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት፣ አልፎም አሥርት ዓመታት የሚወስደው።

ጤነኛ ሰውም ከግድፈት ነጻ አይደለም። መቅኔ ውስጥ ያሉት፣ የደም ሴሎች ሁሉ የሚፈልቁባቸው ግንድ ሴሎች በዓመት 17 ያህል አዳዲስ ሚውቴሽን ያጠራቅማሉ። ማንም ሰው በዚህ ያልፋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎት ሥራዎ በዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚጨምርና ጭማሪው የት ላይ ሊቆረጥ እንደሚችል ነው።

ጋራዥ ውስጥ ያለው ነገር በሦስት መንገድ ይጨምራል። አንዳንዱ ራሱ ፊደሉ ላይ ይጣበቃል። በተቃጠለ ዘይት፣ በናፍጣ ጭስና በሲጋራ ውስጥ የሚገኘው ቤንዞፓይሪን ሰውነት ውስጥ ተቀይሮ «ጂ» በሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ እንደ ማስቲካ ይለጠፋል፣ ገልባጩም «ጂ»ን «ቲ» ብሎ ያነበዋል። ሌላው የመጠገኛውን ምላጭ ያዶለዱማል፤ የማይዝግ ብረት ሲበየድ በጭሱ ውስጥ የሚወጣው ኒኬል የዲኤንኤ ጥገናን ያዳክማል። ሦስተኛው ገልባጩን ያቻኩለዋል። እንደ አስቤስቶስ (በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ጭረታም ማዕድን) ያለ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ተሰክቶ ለዓመታት ብግነት ሲቀሰቅስ፣ የሞቱትን ለመተካት ሴሎች ቶሎ ቶሎ ይባዛሉ፣ ለመፋቅም ጊዜ አይገኝም።

አሁን ወደ ቤንዚን እንምጣ። እዚህ ላይ የስም መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። መኪናው የሚጠጣው ነዳጅ ቤንዚን ነው፤ በውስጡ ከሚገኙት ውህዶች አንዱ ደግሞ ቤንዝን ይባላል። የደም ካንሰር በማምጣት የታወቀው ቤንዝን ነው። የአውሮፓ ደንብ በነዳጅ ውስጥ ያለው ቤንዝን ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። 1 በመቶ ጥቂት ይመስላል፤ ግን እጅዎን በሚነክሩበት ግማሽ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ቤንዝን አለ ማለት ነው። ቲነርም ቢሆን በአብዛኛው ቶሉዊንና ዛይሊን ነው፤ ጥራቱ ያልተረጋገጠው ግን ቤንዝን ሊቀላቀልበት ይችላል።

ቤንዝን በራሱ ብዙ አይጎዳም። ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር ወደ ሌሎች ውህዶች ይለውጠዋል፤ እነዚህ በደም ተጉዘው መቅኔ ሲደርሱ፣ እዚያ በብዛት ያለ ኢንዛይም ቤንዞኩዊኖን ወደሚባል ጎጂ ውህድ ይቀይራቸዋል። ዲኤንኤ ሲባዛ የተጠማዘዘውን ክር የሚፈታው ፕሮቲን በዚህ ውህድ ይታወካል፤ ክሮሞሶም፣ ማለትም የዲኤንኤው ጥቅል፣ ይሰበራል፣ የተሰበረውም ያለ ቦታው ይገጠማል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሙዛፈር አክሶይ የተባሉ ቱርካዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ቤንዝን ባለበት ማስቲሽ ሲሠሩ ከኖሩ የኢስታንቡል ጫማ ሠሪዎች መካከል የደም ካንሰር ወይም ቅድመ ካንሰር የያዛቸውን 26 ሕሙማን ለዓለም አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በቻይናዋ ቲያንጂን 250 የጫማ ፋብሪካ ሠራተኞች ተመርምረው፣ በአየር ውስጥ ያለው ቤንዝን ከሚሊዮን አንድ እጅ (1 ፒፒኤም) በታች በነበረባቸው ላይ እንኳ ነጭ የደም ሴል ቀንሶ ተገኘ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ ለ8 ሰዓት የሚፈቅደው ጣሪያ ይኸው 1 ፒፒኤም ነው። ንጹሕ ቤንዝን ለአፍንጫ የሚታወቀው ከ1.5 ፒፒኤም አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ፣ «አልሸተተኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቤንዝንን፣ የናፍጣ ጭስን፣ አስቤስቶስን፣ የብየዳ ጭስንና የቀቢነትን ሥራ ራሱን በምድብ 1 አስቀምጧቸዋል። የናፍጣ ጭስ ወደዚህ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ለውሳኔው ትልቅ ክብደት የነበረው ከ12,000 በላይ የአሜሪካ ማዕድን አውጪዎችን የተከታተለ ጥናት ነበር። ምድብ 1 የሚባለው ካንሰር እንደሚያመጣ ማስረጃው የተሟላ ነው ለማለት ነው። ስለ አደጋው መጠን አይናገርም፤ ፀሐይም ሲጋራም እዚያው ምድብ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ መጠኑን በቁጥር እንየው። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ቀቢዎች ከሌላው ሰው ይልቅ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በፊኛ ካንሰር ደግሞ በ25 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ከቤንዝን ጋር ይበልጥ የሚያያዘው አጣዳፊ የደም ካንሰር በአሜሪካ በዓመት ከ100,000 ሰው 4 ያህሉን የሚይዝ በሽታ ነው፤ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ለአንድ ሰው አሁንም ዝቅተኛ ዕድል ነው። «አይቀርልህም» የሚባል ነገር የለም። በሌላ በኩል ሲጋራ የሳንባ ካንሰርን ዕድል የሚያሳድገው በመቶኛ ሳይሆን በእጥፍ ነው። በቀን አንድ ፓኬት ለአንድ ዓመት የሚያጨስ ሰው በእያንዳንዱ የሳንባ ሴሉ ውስጥ 150 ያህል ሚውቴሽን ያጠራቅማል። ሁለቱ ሲደራረቡ ደግሞ ይባባሳል። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ጥናት፣ ከአስቤስቶስ ጋር የሠሩ የማያጨሱ አሜሪካውያን ዕድላቸው 5 እጥፍ፣ የሚያጨሱ ግን አስቤስቶስ ያልነካቸው 11 እጥፍ፣ ሁለቱም ያለባቸው 53 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አምስት ስድስቷ ሲጋራ እንግዲህ የሥራዎን አደጋ የምታባዛ ናት። ከዚህ ምላሽ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ደግሞም ያቋረጡ ሰዎች ሳንባ ሲታይ፣ ጉዳቱ ያልበዛባቸው ሴሎች ቀስ በቀስ ቦታውን መልሰው ይይዛሉ።

ሽበቱን በተመለከተ፣ በ30ዎቹ ውስጥ መሸበት በአብዛኛው የዘር ጉዳይ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግርም ያመጡታል፣ ሁለቱም ይታከማሉ። የፊት ቆዳ ከዕድሜ በላይ የሚያረጀው ደግሞ በፀሐይና በሲጋራ ነው። በፖስታ የሚላከው መመርመሪያ ወይ የክሮሞሶም ጫፍ (ቴሎመር) ርዝመት ይለካል፣ ወይ ዲኤንኤ ላይ የሚለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶችን ቆጥሮ «ባዮሎጂያዊ ዕድሜዎ ይህን ያህል ነው» ይላል። ሁለቱም ለምርምር ጠቃሚ ናቸው፤ አንድ ሺህ ቀቢዎችን ከአንድ ሺህ ነጋዴዎች ለማወዳደር ይረዳሉ። የአንድን ሰው ውጤት ግን የትኛውም ሐኪም ወደ ሕክምና ሊለውጠው አይችልም። የተፈጥሮ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ ያው ናሙና በሌላ ላቦራቶሪ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። «52 ዓመት» ተብሎ ቢመጣልዎ ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ? «34» ቢመጣስ በቤንዚን መታጠቡን ሊቀጥሉ ነው? አይመርመሩ።

ልጆችዎን በተመለከተ፣ በሳንባ፣ በቆዳ ወይም በመቅኔ ሴል ላይ የደረሰ ሚውቴሽን ለልጅ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በወንድ ዘርና በእንቁላል ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ለቤንዝን በተጋለጡ ሠራተኞች ላይ የክሮሞሶም ቁጥሩ የተዛባ የወንድ ዘር በዛ ብሎ ታይቷል። አንድ የወንድ ዘር ተፈጥሮ እስኪበስል ግን ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው የሚፈጅበት። ሦስተኛ ልጅ እያሰባችሁ ስለሆነ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ከታች የምዘረዝራቸውን ለውጦች አድርገው ቢያንስ ሦስት ወር ይቆዩ፣ ከዚያ ይሞክሩ። የተወለዱት ልጆች የሚያሰጋቸው ከእርስዎ የወረሱት ዲኤንኤ ሳይሆን ቱታዎ ነው። ቤንዚንና ብናኝ የጠጣ ልብስ ቤት ገብቶ በእጅ ሲታጠብ ባለቤትዎም ይተነፍሱታል። የአስቤስቶስ ሠራተኞችን ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሚስቶች በሳንባ ሽፋን ካንሰር መያዛቸው የታወቀ ነገር ነው። ቱታው ጋራዥ ይደር፤ ቤት መሄዱ ግድ ከሆነ በላስቲክ ታስሮ ይሂድ፣ ከሌላ ልብስ ጋር ሳይቀላቀል፣ ደጅ ላይ፣ በጓንት ይታጠብ። ልጆቹን ከማቀፍዎ በፊት ፊትዎን፣ ክንድዎንና ፀጉርዎን ይታጠቡ።

ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጡት። መርዝ ያጥባል የሚባለው ግን ልክ አይደለም። የተነፈሱት ነገር ወደ ሳንባ፣ ከዚያ ወደ ደም ይገባል፤ ወተቱ የሚወርደው በጨጓራና በአንጀት ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። የወተት ትልቁ ጉዳት «ተከላክያለሁ» የሚል ስሜት መስጠቱ ነው፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ለትክክለኛ ጓንትና ማስክ ቢውል ይሻላል። አሁን የሚያደርጉት የሐኪም ማስክም ያው ነው። የቀለም ጠብታ በከፊል ይይዝ እንደሆነ እንጂ የቲነር ተን እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። ጨርቅ ደግሞ ተኑን ጠጥቶ አፍንጫዎ ስር ይዞት ይውላል።

የመጀመሪያው ለውጥ እጅ መታጠቢያው ነው፣ ከነገ ጀምሮ። እጅ በቤንዚን ሲታጠብ በቆዳ በኩል የሚገባው ጥቂት ነው፣ ዋናው መጠን እጅዎን እያሹ ሳለ ከፊትዎ ስር የሚተነው ነው። ይሁን እንጂ ቤንዚን የቆዳውን ቅባት ጠራርጎ ስለሚወስድ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ በኩል የሚገባው ደግሞ ይበዛል። በምትኩ እጅዎን ሳያርሱ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት አፍስሰው እስከ ጥፍርዎ ሥር ድረስ ለአንድ ደቂቃ ያሹ፤ ግሪስ በዘይት ይለቃል። ከዚያ ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሳሙና ከአንድ ጭብጥ ደቃቅ ሰጋቱራ ጋር ቀላቅለው ያሹትና በውኃ ይታጠቡ። መጨረሻ ላይ ቫዝሊን ይቀቡ። መጀመሪያ ውኃ ካስነኩት ግሪሱ ይይዛል፣ ሰዎች «በሳሙና አይለቅም» የሚሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ከምሳ በፊት ይህን መዝለል የለብዎትም፤ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፣ ከባትሪና ከአሮጌ ቀለም እጅ ላይ የቀረ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት በጉርሻ ይገባል። ነዳጅ በቱቦ በአፍ መሳብም በአንድ ጊዜ ይቁም። ይኼ ካንሰር እስኪያመጣ የሚጠበቅ አይደለም፤ ትንታ ሆኖ ሳንባ ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል ያስገባል።

የተቃጠለ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሱሪ ኪስ ውስጥ አይያዝ። እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባሉ የለንደን ሐኪም የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች በብልት ከረጢት ካንሰር የሚያዙት ጥላሸቱ እዚያ እየተጠራቀመ መሆኑን ጻፉ፤ በሥራ ምክንያት የመጣ ካንሰር በግልጽ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው ማለት ይቻላል። ኋላም በእንግሊዝ የጥጥ ፈታዮች ላይ የማሽን ዘይት ያንኑ አደረገ። ኪስዎ ውስጥ ያለው ጨርቅ የሚያርፈው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

የፍሬን ሸራ ሲቀይሩ ከበሮውን በኮምፕሬሰር አይንፉ። አሮጌ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሲነፋ የሚበተነው ጭረት በዓይን የማይታይ፣ ለሰዓታት አየር ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ውኃ ላይ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ጨርቁን እርጥብ እንዳለ በላስቲክ አስረው ይጣሉት። ናፍጣ መኪና ቤት ውስጥ አስነስቶ መተው አይገባም፤ ግድ ከሆነ የጭስ ማውጫው ላይ ቱቦ ተገጥሞ ወደ ውጭ ይውጣ። በክሎሪን ውህድ ማጽጃ የተጠረገ ብረት ሳይደርቅ ከተበየደ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይወጣል፣ አጠገብዎ ለሚሠራው በያጅ ይህን ይንገሩት።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሮጌ ቀለም፣ በተለይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ፣ እርሳስና ክሮሜት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ፤ በውኃ ወረቀት፣ እያረጠቡ ይፈግፍጉት፣ የወረደውን ጭቃ ሳይደርቅ ያጥቡት። የሚረጩበት ፒስቶላ ግፊቱ ዝቅ፣ የአየር መጠኑ ከፍ የሚል ዓይነት ቢሆን ቢያንስ 65 በመቶው ቀለም መኪናው ላይ ያርፋል፤ በተራው ፒስቶላ አብዛኛው ጉም ሆኖ እርስዎ ላይ ነው የሚቀረው። ንፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ። ብዙ ሰው ማስክ የሚያወልቀው ርጭቱ እንዳለቀ ነው፤ ሆኖም ቀለሙ ሲበጠበጥና ፒስቶላው በቲነር ሲታጠብም ብዙ ተን ይተነፈሳል። ማስኩ ከብጥበጣው በፊት ይደረግ፣ ከእጥበቱ በኋላ ይውለቅ። ለጓንት የሐኪሙ ነጭ ላቴክስ በቤንዚን ይሟሟል፤ ናይትራይል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ይሻላል፣ እሱም ቲነር ከነካው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያሳልፍ ወዲያው ይለወጥ።

ማድረቂያ ተቀላቅሎበት በሚረጨው ቀለም ውስጥ አይሶሳያኔት አለ። ይህ ከካንሰር ይልቅ በአስም ነው የሚታወቀው፣ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ሽታም የለውም። ከሥራ በኋላ ወይም ሌሊት ደረትዎ ከታፈነ፣ ካሳለዎትና በእረፍት ቀን ከተሻለዎት ይህ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይታዩ። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት ጥቂቷም ትቀሰቅሰዋለች፤ ያኔ ማስክ በቂ አይሆንም፣ ቀለም መርጨት መተው አለበት። ለዚህ ቀለም ትክክለኛው መከላከያ በቱቦ የሚመጣ ንጹሕ አየር ያለው ማስክ ነው። ግን የጋራዡን ኮምፕሬሰር ቱቦ ቆርጣችሁ ማስክ ላይ እንዳታስገቡ፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ሲግል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያመነጭ ይችላል።

ምርመራ አያስፈልግዎትም ማለቴ ግን አይደለም። የሚያስፈልግዎት ሲቢሲ የሚባለው ተራ የደም ቆጠራ ነው። በዚህ ሳምንት ያስመርምሩ፣ ወረቀቱን በጥንቃቄ ያስቀምጡ፣ በየዓመቱ ይድገሙት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የአሜሪካ ደንብ ከቤንዝን ጋር የሚሠራ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ከ4,000 በታች ከሆነ ምርመራው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲደገም ያዛል። ብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ግን በተፈጥሮ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴላቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነጻጸረው ከራስዎ የቀድሞ ቁጥር ጋር ነው። ከዓመት ዓመት ሲወርድ ከታየ፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ካለፈው በ20 በመቶ ከቀነሰ፣ ወይም ሁለት ሦስቱ የሴል ዓይነቶች አብረው ከወረዱ፣ ውጤቱን ለውስጥ ደዌ ሐኪም ያሳዩና «15 ዓመት ቤንዚንና ቲነር ላይ ሠርቻለሁ» ብለው ይንገሩ። ካልነገሩ አይጠይቁዎትም። ሽንት ላይ ደም አንድ ጊዜም ቢታይ፣ ድድ ያለ ምክንያት ቢደማ፣ በቆዳ ላይ የበለዘ ነገር ቢበዛ፣ ሳል ሁለት ሳምንት ቢያልፍ ዓመቱን አይጠብቁ። ሳሉ በቅድሚያ ለቲቢ ይመርመር፤ የቲቢ መድኃኒት ወስደው ካልለቀቀ ግን ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

ሥራውን ልተው ወይ ላሉት፣ አይተዉ። ሁለት ሁኔታ ሲገጥም ግን ይተዋል፦ የደም ቁጥርዎ መውረዱ በተደጋጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ወይም የቀለም አስም ካለብዎ። ከዚያ ውጭ፣ ያለፉት 15 ዓመታት ያመጡት አደጋ ሥራ በመቀየር አይሰረዝም፤ የሚመጡት 25 ዓመታት የሚጨምሩት ግን በአብዛኛው በእጅዎ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንዳስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ጓንትና ማስክ ሲጠይቁ ውለታ እየለመኑ አይደለም። ከጓደኞችዎ ጋር ሆነው ይጠይቁ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ «ፈሪ» ይባላል።

ለእህትዎ ደግሞ የዲኤንኤ መመርመሪያውን ትተው በዚያው ገንዘብ ግማሽ ፊት የሚሸፍን የጎማ ማስክ እንዲልኩልዎ ይንገሯቸው። ካርትሪጁ በአሜሪካ አጠራር «ኦርጋኒክ ቬፐር» ከ«ፒ100» ጋር የተጣመረ፣ ጥቁርና ሐምራዊ-ቀይ ምልክት ያለበት ይሁን፤ ከአውሮፓ የሚገዛ ከሆነ «ኤ2ፒ3» ይባላል፣ ቡናማና ነጭ ነው። መለዋወጫ ካርትሪጅ ቢያንስ አራት ጥንድ ይጨመርበት። ማድረቂያ ለተቀላቀለበት ቀለም ግን ትክክለኛው መከላከያ ከላይ ያልኩት የአየር ቱቦ ያለው ማስክ ነው። ሲደርስዎ ጺምዎን ይላጩ፣ የአንድ ቀን ጺም እንኳ ጠርዙን ያስተነፍሳል። አጥልቀው ካርትሪጆቹን በመዳፍዎ ይክደኑና ወደ ውስጥ ይተንፍሱ፤ ማስኩ ፊትዎ ላይ ተጣብቆ ለ10 ሰከንድ ካልቆየ ማሰሪያውን ያስተካክሉ። ከሥራ ሲወጡ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ክፍት ካደረ ሌሊቱን ሙሉ የጋራዡን ተን ሲጠጣ ያድራል። በድምሩ 8 ሰዓት ከሠራ፣ ወይም ከዚያ በፊት ሽታ ከገባ፣ ይለወጣል። ያችን ሰዓት እንዳትረሱ የተከፈተበትን ቀንና የተረጨበትን ሰዓት ካርትሪጁ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፉ ይደምሩ።